ከእናቶች ተረከዝ ሥር

ባለፈው ሰሞን ከአዳማ ገበያ አንድ ሸሚዝ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስለብሰው ጎኔን የሚኮረኩረኝ ነገር አገኘሁና ገልብጬ አየሁት። ከስፌቱ ሥር ስስ ጨርቅ ገብቷል፤ በጨርቁ ውስጥ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምዝዟል። ወደ ሱቁ ተመልሼ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ሻጯ ሳቀችብኝ። «አባባ፣ እሱ የሬዲዮ ነገር ነው። ዕቃው የት እንዳለ ለባለቤቱ ይናገራል፤ ለሌባ ተብሎ ነው» አለችኝ። «ገዝቼዋለሁ፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ታዲያ ለማን ነው የሚናገረው?» አልኳት። ወደ ሌላ ገበያተኛ ዞረች።

እዚያው ቆሜ ከኪሴ ባወጣኋት ቢላ ሽቦውን ቆርጬ ጣልኩት። የሽማግሌ ፍርሃት ነው ብለው እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ። ሰው የማያውቀውን ይፈራል ይባላል፤ እኔ የምፈራው የማውቀውን ነው። ይህንን ሥራ ያለ ሬዲዮ፣ ያለ ሽቦ፣ በቢላ ብቻ ሠርቼዋለሁ። በሥራዬ ጥራትም ቅር ያለው አለቃ አልነበረም።

በደርግ ዘመን፣ ከተማችን ገና ናዝሬት በምትባልበት ጊዜ፣ እኔ በረባሶ ሠሪ ነበርኩ። በረባሶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጫማ ነው። ከአሰብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሞጆ ላይ የሚጥሉትን ጎማ ማኅበራችን ይሰበስባል፤ እኛ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ተቀምጠን በእግር ልክ እንቆርጠዋለን፣ ከከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ማሰሪያ እናወጣለታለን፣ በሚስማር እንመታዋለን። የድሃ ጫማ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ድሃ ያልሆነ ሰው ለማግኘት መፈለግ ነበረብህ።

ቀኝ እግሬ በልጅነቴ በያዘኝ በሽታ ቀጥኖ የቀረ ነው፤ ስራመድ ይጎተታል። የናዝሬት አቧራ ደግሞ ሐሜተኛ ነው፤ ማን በየት በኩል እንዳለፈ አይደብቅም። በግራ በኩል እግር፣ በቀኝ በኩል ረጅም መስመር ካዩ የሰፈር ልጆች «በዚህ አልፏል» እያሉ መስመሬን ተከትለው እየተጎተቱ ያሾፉብኝ ነበር። ሰው በዱካው እንደሚታደን ከማንም በፊት የተማርኩት እኔ ነኝ።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። አባታችን ቀድሞ ሞቷል። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት የተቀመጠ፣ ኳስ የሚጫወት፣ እያፏጨ የሚገባና የሚወጣ ልጅ ነበር። በሁለት ጤነኛ እግሮቹ አጥር ሲዘል አየው ነበር። እወደው ነበር፤ እቀናበትም ነበር። ሁለቱም እውነት ስለሆነ አንዱን ብቻ አልጽፍም።

ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ እነዚያ ሁለት ጤነኛ እግሮች የመንግሥት ሆኑ። እኔን ማንም አልፈለገኝም። ቀበሌው ልጆች አምጣ ይባላል፤ ቀበሌው ደግሞ ከየቤቱ ያፍሳል። ልጆቹ ጠፉ። ከፊሎቹ ማሽላ ውስጥ፣ ከፊሎቹ ከከተማው ውጭ ካሉት ግራሮች ሥር፣ ከፊሎቹ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ዳር አሸዋ ተቆፍሮ በወጣባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ተሸሸጉ። አብዮት ጥበቃዎቹ ሜዳውን ሁሉ ሲያስሱ ውለው ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ነገር ግን የተደበቀ ልጅም ይበላል። የሚበላውን የምታደርስለት እናቱ ናት። ይህንን የተረዳው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር።

ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት አውቶቡስ ተራ ትኬት ቆራጭ የነበረ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም፤ ሰው ሲያናግር ትከሻ ላይ እጁን ጣል ያደርጋል። አንድ ቀን ጓደኞቼ ለምሳ ሲወጡ ጠብቆ መጣ። ከሻይ ቤት ሁለት ብርጭቆ ሻይ አስመጣና ከጎማው ክምር ላይ ተቀመጠ። አንድ በረባሶ አንስቶ ገለባበጠው።

«ጓድ፣ ይሄንን ብታየው ማን እንደሠራው ታውቃለህ?» አለኝ።

«ከመቶ ጫማ መሀል የእኔን እለያለሁ» አልኩት። ትዕቢቴ ነው።

«አቧራ ላይስ?»

«አቧራ ላይም።»

ሻዩን ፉት አለ። «ቀበሌው ለእናቶች ጫማ በቅናሽ ሊያድል ነው። ዕድሜው የደረሰ ልጅ ላላቸው እናቶች። የምትሠራው አንተ ነህ፤ ብቻህን። ከግራው ተረከዝ ሥር አንዲት ምልክት ታኖርልኛለህ። ሰው የማያያት፣ አቧራ የሚያያት።»

ገባኝ። ቢሆንም ያልገባኝ መስዬ «ልጆቹን ሊይዙበት ነው?» አልኩት።

«ልጆቹ የአገር ናቸው» አለኝ፤ ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ያንተ ወንድም ስንት ዓመቱ ነው? ተወው፣ አትንገረኝ። የእናንተን ቤት እኔ አላየሁትም። እስከሠራህልኝ ድረስ አላየውም።»

ሰው ሲጠይቀኝ ተገድጄ ነው ብል ደስ ባለኝ። ሽጉጥ አላወጣም። ሻይ ነው የጋበዘኝ። ወንድሜን ላድን ነው የተስማማሁት፤ ይህ እውነት ነው። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን፣ እግሬ የሚጎተተውን፣ አንድ ባለሥልጣን ፈልጎኝ መጥቶ ከጎማ ላይ መቀመጡ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህም እውነት ነው። ሻዬን ጠጥቼ ስጨርስ ምልክቱን በሐሳቤ ቆርጬዋለሁ፤ ከአንድ ነጥብ የሚነሱ ሦስት አጫጭር ጭረቶች፣ ልክ እንደ ዶሮ እግር።

ጫማው በቀበሌው አዳራሽ ታደለ። ሊቀመንበሩ ስለ እናትነት ክብር ንግግር አደረገ። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ እልል ያሉም ነበሩ። የእኛም ጎረቤት ከተቀበሉት አንዷ ነበሩ። እሳቸው ከእኛ ቤት በአንድ የቅንጭብ አጥር ብቻ የሚለዩ፣ ከቦሰት ገጠር ከብት ሲጠብቁ አድገው ተድረው ከተማ የገቡ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። አማርኛቸው መሀል ኦሮምኛ ጣል ያደርጋሉ፤ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ «ኢልመ ኮ» ነው የሚሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እግሬ የታመመ ጊዜ እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረችና ሐኪም ቤትም ጠበልም በጀርባቸው አዝለው ያመላለሱኝ እሳቸው ነበሩ። ከእናቴ ጋር የማርያምን ጽዋ ይጠጣሉ፤ እህቴ፣ እህቴ ነው የሚባባሉት። አንድ ልጅ አላቸው፤ ከወንድሜ ጋር እኩያ የሆነ። እሱንም ደብቀውታል።

ያንን ጫማ ለእሳቸውም ቆረጥኩ። በጀርባቸው ያዘሉኝን ሴት የእግር ልክ ለክቼ፣ ከተረከዛቸው ሥር የዶሮ እግሬን አኖርኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ሲያወሩ እጄ ተንቀጠቀጠ ይላሉ።

ሥራው ሠመረ። መጀመሪያ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ተያዘ፣ ቀጥሎ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ልጅ። ጥበቃዎቹ በማለዳ ወጥተው አቧራውን እያዩ ዝም ብለው ይሄዳሉ፤ የዶሮ እግር ከከተማ ወጥቶ ግራር ሥር ከቆመ፣ እዚያ ልጅ አለ። እናቶቹ ደረታቸውን እየደቁ «ማን ነገረብኝ?» ይላሉ። ሰው ሰውን መጠርጠር ጀመረ። ቡና የሚጠራሩ ሴቶች መጠራራት ተዉ፤ አንዷ ወጥታ ስትሄድ ሌላዋ በአጥር ቀዳዳ ታያታለች። ጫማውን የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ሚስማሩ ወጋኝ ብለው ጫማቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው ገና አልተያዘም። ሚስማሩን መትቼ ካስተካከልኩ በኋላ ገልብጬ ሳየው ምልክቱ ሊጠፋ ደርሷል። የጠፋ ምልክት ሲመጣ አድስ ተብያለሁ። አሮጊቷ ፊት ለፊቴ ቆመው ስለ ወገባቸው ሕመም እያወሩኝ፣ ቢላዬን አውጥቼ ሦስቱን ጭረት አጠለቅኳቸው። ጫማውን ተቀብለው «እጅህን ይባርከው፣ ክፉ አይንካህ» አሉኝ። አሜን አልኩ። በሳምንቱ ልጃቸውን ከጭድ ክምር ውስጥ አወጡት።

የጎረቤታችን ልጅ ግን አልተያዘም። ሊቀመንበሩ «የዚያች ሴትዮ ምልክት ከቤተ ክርስቲያን አያልፍም፤ ልጇን አየር ነው እንዴ የምታበላው?» አለኝ። ምክንያቱን አውቅ ነበር። የገጠር ሰው አዲስ ጫማ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ለልጃቸው ስንቅ ሲያደርሱ በባዶ እግራቸው ነበር የሚሄዱት። ለሊቀመንበሩ አልነገርኩትም። በዚያ ዓመት ካደረግኩት ሁሉ ደግ የምለው ይህችን ብቻ ነው፤ እሷም ዝም ማለት እንጂ ማድረግ አይደለችም።

ለእናቴ የሠራሁላት በረባሶ ሌላ ነበር። ከጎማው ወፍራሙን መርጬ፣ ማሰሪያውን ሁለት ድርብ ሰፍቼ፣ ሶሉን በሞረድ አለስልሼ ነው የሰጠኋት። ምልክት የለበትም። እሷ ግን ጫማው አሳፈራት። «የጽዋ እህቶቼ በቀበሌ ጫማ እየሄዱ እኔ በዚህ በተሻለው? ሰው ምን ይለኛል?» ትል ነበር። ይሉኝታ የእናቴ ትልቁ በሽታዋ ነበር፤ ለእንግዳ ያለንን ሁሉ አቅርባ ለእኛ ውኃ የምታጠጣ ሴት ናት።

ወንድሜንም ደበቀችው። እኔ «ተይው፣ እሱን አይነኩትም» አልኳት።

«አንተ በምን አወቅክ?» አለችኝ።

«ዝም ብዬ ነው። አይነኩትም።»

«የቀበሌን ሰው አምኜ ልጄን ቤት አላስቀምጥም» አለችና አንድ ማለዳ ወሰደችው። የት እንደወሰደችው እንዳትነግረኝ ራሴ ለመንኳት፤ ካላወቅኩ አይወጣኝም ብዬ ነው። የምታውቀው ጎረቤታችን ብቻ ናቸው፤ አንዳቸው ሲታመሙ ሌላዋ የሁለቱንም ስንቅ እንድታደርስ ተማምለዋል። እኔ አልተጨነቅኩም። ጫማዋ ምልክት የለውም፤ ሊቀመንበሩም ቃል ገብቶልኛል። እንዲያውም እናቴን በሆዴ ሳቅኩባት።

በወሩ የማርያም ዕለት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንቋን አድርሳ፣ ከሰዓት በኋላ በሥራ ቦታዬ በኩል መጣች። እያነከሰች ነበር። ከበርጩማዬ አጠገብ ተቀመጠችና የግራ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ። «ማሰሪያው ላላ፤ አጥብቅልኝ» አለችኝ።

ማሰሪያውን ሳየው የእኔ ድርብ ስፌት አይደለም። ገለበጥኩት። የዶሮ እግር።

«ይሄ ያንቺ አይደለም» አልኳት።

«ለወጥኳት» አለች፤ ደግ ነገር እንደሠራች ልጅ ፈገግ ብላ። «ቅዳሴ ላይ ጫማ ስናወልቅ የጎረቤታችንን ጫማ አየሁት፤ ተረከዟን ሰነጣጥቆታል። እግራችን እኩል ነው። የእኔ ልጅ ሌላ ይሠራልኛል ብዬ የእኔን አስገድጄ አጫማኋት። አልፈልግም ብላ ስትጣላኝ ነበር።»

«በዚህ ጫማ የት ሄድሽ?»

ዙሪያዋን አየች፤ ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የት እንደምሄድ አታውቅም እንዴ?» አለችኝ።

ተነሥቼ ወጣሁ። ከኋላዬ ስትጠራኝ ሰማኋት፤ አልዞርኩም። ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገኝም። ከእኛ ሰፈር መጨረሻ ጀምሮ አቧራው ላይ በየእርምጃው የዶሮ እግሬ ነበረ። ምልክቴን ተከትዬ ወንድሜን ልፈልግ ወጣሁ። በወለንጪቲ መንገድ ጥቂት ሄጄ ከመንገድ ስወጣ፣ ከዶሮ እግሩ ላይ የቦቲ ጫማ ተደርቦበት አገኘሁ። የአንድ ሰው አይደለም። በሕይወቴ እግሬን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም። ጤነኛ ሰው በሩብ ሰዓት የሚጨርሰውን ሜዳ እኔ እየወደቅኩ እየተነሣሁ ሄድኩበት።

አሸዋ ወጥቶ ከቀረ ጉድጓድ ደረስኩ። ስንቁ የታሰረበት የእናቴ ነጠላ ቁራጭ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ እንጀራው ተቆርሶ ወጡ አሸዋ ለብሷል። አንድ ሸራ ጫማ ተገልብጦ ወድቋል። ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ እስከ አንድ መኪና የጎማ ምልክት ድረስ አሸዋው ላይ ሁለት ረጅም መስመሮች ተሰምረዋል። አንድ እግሩ የሚጎተተው እኔ ነበርኩ። የወንድሜ ሁለቱም ተጎትተዋል።

በማግስቱ ቀበሌ ገባሁ። ሊቀመንበሩ ብቻውን ነበር።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር» አልኩት።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ። ቤታችሁን አላየሁትም። የያዝነው ከጉድጓድ ነው።»

«የተከተሉት የሌላ ሰው ምልክት ነበር። እናቴ ጫማ ተለዋውጣ ነው።»

«እሱን እኔ በምን አውቃለሁ? እኛ የምናየው አቧራውን ነው። ምልክቱን የቆረጥከው አንተ ነህ» አለኝ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ልጁ ወደ ማሠልጠኛ ሄዷል። አይዞህ። በርትተህ ከሠራህ እንዲመለስ አመለክትልሃለሁ። ሻይ ላስመጣልህ?»

አስመጣልኝ። ጠጣሁት። ከዚያ በኋላም ክረምቱ ገብቶ አቧራው ጭቃ እስኪሆን ድረስ የዶሮ እግር ቆረጥኩ፤ እንዲመለስልኝ። ተስፋ ያለው ሰው የማይሠራው ክፋት የለም።

እናቴ ግን የጠየቀችው ሌላ ነገር ነበር። ያንን ጉድጓድ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። የእሷ ልጅ ተይዟል፤ የጎረቤታችን ልጅ አልተያዘም። ጥቂት ቀን ቆይቶም ጎረቤታችን ልጃቸውን በጨው መኪና አሳፍረው ከአገር አስወጡት ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ ሒሳቡን በአንድ ቀን ጨረሰው፤ «ልጇን በልጅሽ ለወጠች» አሏት። እናቴ መጀመሪያ አላመነችም። ማታ ራት ላይ ፊቴን እያየች «አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ። «እህቴ ይሄንን ታደርገኛለች?»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ጫማው በር ሥር ነበር፤ አንስቼ መገልበጥ ብቻ ነው የቀረኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት። «የእሳቸው ልጅ ግን አልተያዘም።»

እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። እጇን ታጥባ ተነሣች። ከዚያ ቀን በኋላ ጎረቤታችንን ሴትዮዋ እንጂ እህቴ ብላ ጠርታቸው አታውቅም።

ከጽዋ ማኅበሩ አስወጧቸው። ቀጥሎ ከዕድሩ ተሰረዙ። በእኛ ሰፈር ከዕድር የወጣ ሰው በቁሙ ተቀብሯል ማለት ነው፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚሸከመው የለም። ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲይዙ ሴቶቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ደጃቸው ላይ ቆሻሻ የሚደፋ ነበር። ያቺ ሴት አንድ ቀን እንኳ «አላደረግኩም» ብለው ሲጮሁ አልሰማሁም፤ ሰዎቹ ደግሞ ዝምታቸውን እንደ ማመን ቆጠሩት። እኔም እንደዚያው ቆጠርኩት፤ ይመቸኝ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አካም ቡልተ፣ ኢልመ ኮ» ይሉኛል። እንዴት አደርክ፣ ልጄ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እግሬን እየጎተትኩ አልፋለሁ።

ዓመት ሳይሞላ የወንድሜ መርዶ መጣ። ከሰሜን ግንባር ነው አሉን፤ አስከሬን የለም፣ ወረቀት ብቻ። ድንኳን ተተከለ። በሁለተኛው ቀን ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችን ላይ ቆሙ። እናቴ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቶ ነበርና በእጇ ወደ እኔ አመለከተች፤ አውጣልኝ ማለቷ ነው። ተነሣሁ። የሴትዮዋን ክንድ ይዤ፣ በልጅነቴ አንገታቸውን አቅፌ የታዘልኩባቸውን ሴት፣ ሰው ሁሉ እያየ ከግቢያችን አስወጣሁ። አልተከራከሩኝም። በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ «እግርህ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሊቀመንበሩም ወደ ሌላ ከተማ በሹመት ከሄደ በኋላ አረፈች። ሊሞቱ ያሉ ሰዎች ይቅር ይላሉ ይባላል፤ እናቴ አላለችም። የነፍስ አባቷ ከጎረቤትሽ ታረቂ ቢሏት «እሷ እግዚአብሔር ፊት ትመልስ» አለቻቸው። አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ፤ ትራሷን አስተካከልኩላት።

የቀብሯ ዕለት ሰው ድንኳኑ ውስጥ ምሳ እየበላ፣ እኔ ብቻዬን ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጎረቤታችን በጓሮ በር ገቡ። አርጅተዋል። ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጭኔ ላይ አኖሩት። ፈታሁት። ድርብ ስፌት፣ ወፍራም ጎማ። ለእናቴ የሠራሁት በረባሶ ነው። አንድ ቀን ብቻ የተጫሙት ይመስላል።

«ገልብጠው» አሉኝ።

አልገለበጥኩትም።

«እኔ ጥጃ ስትጠፋ በዱካዋ ፈልጌ ያደግኩ ነኝ፣ ኢልመ ኮ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። «ወንድምህ የተያዘ ሳምንት በእናትህ ደጅ የዶሮ እግር አየሁ። ያ እግር ቀድሞ በእኔ ደጅ ነበር። ወደ ቤት ገብቼ እናትህ የሰጠችኝን ጫማ ገለበጥኩት፤ ለስላሳ ነው። ከዚያ ወፍጮ ቤት ሄጄ የሴቶቹን ሁሉ ዱካ ቆሜ አየሁ። የሁሉም አለው። ያንተ እናት ብቻ ነበረች የሌላት። ልጄን ያን ጊዜ ነው ከአገር ያስወጣሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው። «ያን ሁሉ ዓመት?»

«እናትህ ሁለት ልጅ ነበራት» አሉኝ። «አንዱን መንግሥት ወሰደባት። ሌላውን እኔ ልውሰድባት?»

ማልቀስ ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። «አሁንስ? አሁን ሞታለች» አልኳቸው። እንዲናገሩ እየለመንኳቸው ይሁን እንዳይናገሩ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እኔን ማን ይሰማኛል?» አሉ። በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ድንኳኑ አዩ። «ዕድርተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። አንተን ይሰሙሃል።» ነጠላቸውን አጣፍተው በመጡበት በር ወጡ። በባዶ እግራቸው ነበሩ።

ጫማውን ከአልጋው ሥር ገፍቼ ወደ ድንኳኑ ወጣሁ። ሰዎቹ ሲያዩኝ ቦታ ለቀቁልኝ። የዕድሩ ዳኛ በአጥሩ ቀዳዳ ሴትዮዋ ወደ ቤታቸው ሲገቡ አይተዋቸው ኖሮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ያቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች? ትንሽ እንኳ አታፍርም?» አሉኝ።

አጠገባችን የተቀመጡት መልሴን ጠበቁ።

«ተዉአት፣ አርጅታለች» አልኳቸው።